አንቷን ዳባዲ፤ ከተራራ ወደ ተራራ እያነጣጠረ ኢትዮጵያን የለካ ሊቅ

የአንድን አገር ተራራና ሸለቆ፣ ዝናምና ነፋስ በቃል መግለጽ አንድ ሥራ ነው፤ በቁጥር መወሰን ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። ስለ ኢትዮጵያ ከፍተኛ ምድር በቃል የጻፉ መንገደኞች ከጥንት ጀምሮ ብዙዎች ናቸው። ያዩትን ሁሉ ለመለካት ቆርጠው የተነሡት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከእነዚህም መካከል በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ዐሥር ዓመት ያህል ቴዎዶላይቱን ይዞ ከምጽዋ ጠረፍ እስከ ከፋ ደን የተመላለሰው ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በግንባር ቀደምነት የሚጠቀስ ነው።

የዚህ ሰው ሕይወት ለቀያሽና ለካርታ ሠሪ ልዩ ትምህርት አለው። በአንድ በኩል ትክክለኛነቱ የተመሰከረለት ትልቅ የቅየሳ ሥራ ትቶልናል፤ በሌላ በኩል ለብዙ ዓመታት ሲሟገትለት የኖረው ትልቅ ስሕተት ከስሙ ጋር ተያይዞ ቀርቷል። ሁለቱም ከአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ጉዞ፣ በአንድ ዐይነት መሣሪያ የተገኙ መሆናቸው ነገሩን ቀረብ ብለን እንድንመረምረው ያስገድደናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እንወዳለን።

ልደቱና ትምህርቱ

አንቷን ዳባዲ በ1810 በጥር ወር መጀመሪያ በአየርላንድ፣ በደብሊን ከተማ ተወለደ። አባቱ ትውልዱ ከደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ከባስክ ሕዝብ ሲሆን እናቱ አየርላንዳዊት ነበረች። በኋላ የጉዞው ጓደኛ የሆነው ታናሽ ወንድሙ አርኖም በዚያው በደብሊን በ1815 ተወለደ። ልጆቹ ገና ሳያድጉ ቤተሰቡ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ። አንቷን በሕግና በተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርት ሠለጠነ። ቤተሰቡ ባለጸጋ ስለ ነበረ እንጀራ ፍለጋ አላስጨነቀውም፤ ሀብቱን ግን ለመሣሪያ መግዣና ለጉዞ ስንቅ አዋለው እንጂ ለምቾት አላዋለውም።

የመጀመሪያው የሳይንስ ተልእኮው ወደ ኢትዮጵያ አልነበረም። በ1836 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ የምድርን የማግኔት ኃይል የዕለት ለውጥ እንዲመዘግብ ወደ ብራዚል ላከው። በዚያም ሳለ የማግኔት መርፌዋን ጥቃቅን እንቅስቃሴ በየሰዓቱ እያየ መመዝገብን ተለማመደ። አንድን ነገር ደጋግሞ መለካት፣ የተለካውንም ወዲያው መጻፍ የሚለው ልማዱ ከዚህ ጊዜ አንሥቶ እስከ ሞቱ ድረስ አልተለየውም።

ወደ ከፍተኛው ምድር

በ1838 መጀመሪያ ሁለቱ ወንድማማቾች ዛሬ የኤርትራ ወደብ በሆነችው በምጽዋ ከመርከብ ወረዱ። ከምጽዋ ወደ ደጋው የሚወጣ ሰው በጥቂት ቀን ጉዞ ውስጥ ብዙ አገር የተሻገረ ይመስለዋል። ከባሕር ወለል ተነሥቶ በአየር መስመር 70 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ይደርሳል። የሚለወጠውም ከፍታው ብቻ አይደለም። የቀይ ባሕር ጠረፍ ጥቂቱን ዝናሙን የሚያገኘው በአውሮፓ የክረምት ወራት ሲሆን ደጋው ዋናውን ዝናም የሚያገኘው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ስለዚህ ገደሉን የሚወጣ መንገደኛ በአንድ ጊዜ ወቅትም አገርም ይለውጣል።

ዳባዲ ጎንደር ከደረሰ በኋላ ያየው መልክዐ ምድር ካሰበው በላይ የተወሳሰበ ሆኖ አገኘው። የያዛቸው መሣሪያዎች ለዚህ ሥራ እንደማይበቁም ተረዳ። ስለሆነም ወንድሙን አርኖን በኢትዮጵያ ትቶ በዚያው በ1838 ወደ አውሮፓ ተመለሰ፤ የተሻሉ መሣሪያዎች ይዞም በ1840 እንደገና ምጽዋ ደረሰ። ይሁን እንጂ በዓይኑ ላይ የደረሰበት ሕመምና በቀይ ባሕር ወደቦች ያጋጠመው መሰናክል ብዙ ጊዜ አባከነበት። በከፍተኛው ምድር ተረጋግቶ ሥራውን የቀጠለው ከ1842 ወዲህ ነው።

ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። ራስ ዓሊ በደብረ ታቦር፣ ደጃዝማች ውቤ በሰሜንና በትግራይ፣ ደጃዝማች ጎሹ በጎጃም በየፊናቸው ይገዙ ነበር። ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ለመሻገር ፈቃድ፣ እጅ መንሻና ትዕግሥት ያስፈልግ ነበር። አርኖ ከደጃዝማች ጎሹ ጋር ተወዳጅቶ በጦር ሰፈር ሲውል፣ አንቷን ግን የሊቃውንቱን ጉባኤ መረጠ። የአገሩን ልብስ ለብሶ፣ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ እየሄደ፣ አማርኛና ግዕዝ፣ ኦሮምኛም ተማረ። ይህም ለቅየሳ ሥራው ከመሣሪያው ያላነሰ ጥቅም ሰጥቶታል። ከተራራ ጫፍ ላይ የሚታየውን ጉብታ ስም ከአካባቢው ሰው ጠይቆ በትክክል የማይጽፍ ቀያሽ፣ ቁጥሩ የቱን ያህል የጠራ ቢሆን የየትኛው ቦታ ቁጥር እንደ ሆነ ማወቅ አይችልምና።

የአለካኩ ዘዴ

በጊዜው በአውሮፓ ልማድ አንድን አገር በሦስት ማዕዘን ቅየሳ ለመለካት በቅድሚያ ሜዳ ላይ አንድ መነሻ መስመር በሰንሰለት ወይም በዘንግ እጅግ በጥንቃቄ መለካት ግድ ነበር። ይህ ብዙ ሠራተኛ፣ ብዙ ወራትና ጸጥታ የሰፈነበት አገር ይጠይቃል። ዳባዲ ከሦስቱ አንዱም አልነበረውም። ስለዚህ ራሱ ፈጣን ጂኦዴሲ ብሎ የሰየመውን ዘዴ አበጀ።

የዘዴው አሠራር በአጭሩ እንዲህ ነበር። በተመረጡ ቦታዎች ፀሐይንና ከዋክብትን በማየት የሰሜን ኬክሮስን ይወስናል። ከዚያም ወደ ከፍተኛ ቦታ ወጥቶ ትንሹን ቴዎዶላይት ይተክልና በዙሪያው የሚታየውን የተራራ ጫፍ ሁሉ አንድ በአንድ ያነጣጥራል፤ የእያንዳንዱን አቅጣጫ ከእውነተኛው ሰሜን አንጻር፣ የከፍታና የዝቅታ ማዕዘኑንም ጭምር ይመዘግባል። አንዱ ተራራ ከሁለትና ከሦስት ጣቢያ ከታየ ቦታው በስሌት ይገኛል። የሁለት ነጥቦች የኬክሮስ ልዩነትና በመካከላቸው ያለው አቅጣጫ ከታወቀ ደግሞ ርቀታቸው ያለ ሰንሰለት ይወጣል። በበቅሎ ጀርባ ሲናጥ በሚሰነብት ክሮኖሜትር ላይ ተመክቶ ኬንትሮስን ከመወሰን ይህ መንገድ እጅግ የተሻለ ነበር። ደካማ ጎኑ ሁለቱ ነጥቦች በምሥራቅና በምዕራብ ትይዩ ሲሆኑ ነው፤ የኬክሮስ ልዩነቱ ስለሚጠብ ትንሽ ስሕተት በርቀቱ ላይ ጎልታ ትታያለች። ዳባዲ ይህን ስለሚያውቅ አንዱን ተራራ ከብዙ ጣቢያዎች ደጋግሞ ለማየት ይጥር ነበር።

ከፍታን የሚለካው በፈላ ውሃ ነበር። የአየር ግፊት ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ስለሚቀንስ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በ3000 ሜትር ከፍታ ላይ በ90 ዲግሪ ገደማ፣ ከ4500 ሜትር በላይ በሚደርሱት በሰሜን ተራሮች ጫፍ ደግሞ በ85 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እንግዲህ አንድ ጥሩ ቴርሞሜትርና አንዲት ትንሽ ማፍያ ካለች፣ በቀላሉ የሚሰበረውን ረጅም የሜርኩሪ ባሮሜትር መሸከም አያስፈልግም ማለት ነው።

ምድሩና ሰማዩ

ይህ ዘዴ በማንኛውም አገር የሚሳካ አይደለም። የኢትዮጵያ ከፍተኛ ምድር ግን የተፈጠረው ለእንዲህ ዐይነት ሥራ ይመስላል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ የፈሰሰው የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ንብብር በንብብር ተደራርቦ አምባውን ሠራ፤ ወንዞች ደግሞ ያንን አምባ ሰንጥቀው ጥልቅ ሸለቆዎችን ቆፈሩ። በአንዳንድ ስፍራ የዓባይ ሸለቆ ከአፋፉ እስከ ወንዙ 1500 ሜትር ያህል ይጠልቃል። በእግሩ የሚሄድ ሰው አንዱን ሸለቆ ለመሻገር ቀናት ይፈጅበታል፤ ዓይንና ቴዎዶላይት ግን ሸለቆውን በቅጽበት ይዘሉታል። መንገደኛውን የሚያደክመው መሬት ቀያሹን ይረዳዋል። በየአቅጣጫው የቆሙት አምባዎችና ሹል ጫፎችም ሰው ሳይደክምባቸው የቆሙ የቅየሳ ምልክቶች ናቸው።

በሰማዩ በኩል ግን ወቅት መምረጥ ግድ ነበር። በክረምት ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ፣ ከኮንጎ ተፋሰስና ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል የሚመጣው እርጥብ አየር ደጋውን በደመና ይሸፍነዋል። ዝናሙም ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከፋና ኢሉባቦር አካባቢ በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ሲዘንብ የአፋር ዝቅተኛ ምድር 200 ሚሊ ሜትርም የማያገኝበት ስፍራ አለው። በበጋ ከዐረብ ምድር በኩል የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ ደመናውን ይጠርገዋል፤ ይሁን እንጂ በበጋው መጨረሻ አካባቢ ቆባር የሚባለው ደረቅ ጭጋግ አድማሱን ይጋርደዋል። ዳባዲ ይህን ቆባር በአገሩ ስሙ ጠርቶ ለአውሮፓ የአየር ጠባይ ተመራማሪዎች አስተዋውቋል። ከክረምት በኋላ፣ ዝናሙ አየሩን አጥቦ ሲሄድ፣ አደይ አበባ በሚፈነዳበት ወራት ግን ሩቅ ተራራ እንደ ቅርብ ሆኖ ይታያል። ለቴዎዶላይት ከዚህ የተሻለ ወቅት አይገኝም።

ነጎድጓድም ከመዝገቡ አላመለጠም። መብረቅ በታየበትና ድምፁ በተሰማበት ሰዓት መካከል ያለውን ጊዜ እየቆጠረ የብዙ ወጀቦችን ታሪክ ጻፈ፤ በኋላም ስለ ኢትዮጵያ ነጎድጓድ ራሱን የቻለ ጥናት አሳተመ። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ የሚለው የአገሬው አከፋፈልም እርሱ በቴርሞሜትር ከሚለካው ጋር የሚስማማ ነበር። በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሙቀት በአማካይ ከግማሽ ዲግሪ በጥቂቱ በልጦ ስለሚቀንስ፣ ገበሬው በዘሩና በከብቱ የለየው ድንበር በቁጥርም ሲመረመር ድንበር ሆኖ ይገኛል።

የግቤ ምንጭ

በ1843 ዳባዲ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ደቡብ ምዕራብ አቀና። በዚያን ጊዜ የሊሙ እናርያ ንጉሥ አባ ባጊቦ ነበር። ንጉሡ ለጋብቻ ጉዳይ ወደ ከፋ የላካቸውን ሰዎች ተከትሎ ዳባዲ እስከ ቦንጋ ድረስ ዘለቀ። ከዚያም ወደ ጎንደር ተመልሶ እንደገና ከወንድሙ ጋር ወደ ግቤ አገር ወረደ። በጥር 1846 ሁለቱ ወንድማማቾች ባቢያ በሚባለው ጫካ ውስጥ ከግቤ ምንጭ ላይ ቆመው የነጭ ዓባይን ምንጭ አገኘን ብለው የአገራቸውን ሰንደቅ ዓላማ ተከሉ።

ምንጩ እውነተኛ ነበር። ቦታውም በትክክል ተለክቷል። የተሳሳተው ከምንጩ በታች ያለው ነገር ነበር። ግቤ ወደ ታች ሲወርድ ኦሞ ይባላል፤ ኦሞም ወደ ደቡብ ይፈሳል። ዳባዲ ወንዙን ተከትሎ እስከ መጨረሻው አልወረደም፤ ሊወርድም የሚያስችል ሁኔታ አልነበረም። የአገሩን ሰዎች ቃል አሰባስቦ፣ የውሃውንም ብዛት ተመልክቶ፣ ኦሞ ከዓይን ከራቀ በኋላ ወደ ምዕራብ ታጥፎ ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል ብሎ ደመደመ። በቴዎዶላይት ያየውን ሁሉ በእርግጠኝነት የለየው ሰው፣ በቴዎዶላይት ያላየውን በግምት ሞላው።

ክርክሩ

ወንድማማቾቹ በ1848 ከኢትዮጵያ ወጡ። በ1850 የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳልያ ሸለማቸው። ወዲያው ግን ከባድ ተቃውሞ ተነሣ። ቀደም ሲል በሸዋና በጎጃም የተዘዋወረው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ የነጭ ዓባይን ምንጭ ነገር ብቻ ሳይሆን የዳባዲን የከፋ ጉዞ ጭምር ተጠራጠረ። ተቃውሞውንም ለመግለጽ ከዚሁ ማኅበር ተቀብሎት የነበረውን ሜዳልያ መለሰ። ለአንድ ቀያሽ ከዚህ የሚብስ ነገር የለም። ስሌቱ ተሳስቷል መባል አንድ ነገር ነው፤ የረገጠውን መሬት አልረገጠም መባል ግን የሥራውን ሁሉ መሠረት ይነካል። ቢክ ስለ ወንዙ የያዘው ጥርጣሬ እውነት ነበረው፤ ስለ ከፋ ጉዞ ግን ተሳስቶ ነበር። ሁለቱ ነገሮች ግን በአንድ ክስ ውስጥ ስለ ተዳመሩ አንዱ ሌላውን ይዞ እንዳይወድቅ ያሰጋ ነበር።

ዳባዲ ለክርክሩ የሰጠው ትልቁ መልስ በጋዜጣ የጻፈው ሙግት አልነበረም። ከ1860 እስከ 1873 በየክፍሉ የታተመው የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ የተባለው መጽሐፉ ነበር። የሒሳብ ሊቁ ሩዶልፍ ራዶ ስሌቱን እንደገና መርምሮ ባዘጋጀው በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ከ800 የሚበልጡ ቦታዎች ኬክሮስ፣ ኬንትሮስና ከፍታ ተሰጥቷል። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ በየጣቢያው የታየው ማዕዘን ራሱ፣ ከመዝገብ ደብተሩ እንዳለ ተገልብጦ ታትሟል። ማንም ተጠራጣሪ ቁጥሮቹን ወስዶ ራሱ ሊያሰላ ይችላል። ባልሄደበት አገር ተቀምጦ እርስ በርስ የሚስማሙ በሺህ የሚቆጠሩ ማዕዘኖችን መፈልሰፍ የሚቻል አይደለም።

ወንዙን በሚመለከት ግን ጊዜ ፈረደበት። በ1862 ስፒክ ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ሲወጣ አየ። በ1888 ቴሌኪና ፎን ኾህነል ዛሬ ቱርካና የሚባለውን ሐይቅ ለአውሮፓውያን አስታወቁ። በ1896 የቦቴጎ ጓድ ኦሞን ተከትሎ ወንዙ ወደዚያው ሐይቅ ገብቶ እንደሚቀር አረጋገጠ። ሐይቁም መውጫ የለውም። ዳባዲ በዚያን ጊዜ የ86 ዓመት አዛውንት ነበር።

የኋላ ዘመኑ

ከኢትዮጵያ ከተመለሰ በኋላም አላረፈም። የፀሐይ ግርዶሽ ለማየት በ1851 ወደ ኖርዌይ፣ በ1860 ወደ እስፓኝ ሄደ። በ1882 ደግሞ ቬኑስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለመመልከት ወደ ሃይቲ የተላከውን የፈረንሳይ ቡድን መራ። በ1859 የ234 የግዕዝ የብራና መጻሕፍት ዝርዝሩን፣ በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን አሳተመ፤ ብራናዎቹም ከሞቱ በኋላ ወደ ፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ገቡ። በ1867 የሳይንስ አካዳሚው አባል፣ በ1892 ፕሬዚዳንቱ ሆነ። ለአባቱ ሕዝብ ለባስኮች ቋንቋም የግጥም ውድድር እያዘጋጀ ከፍ ያለ ድጋፍ ሰጥቷል።

ከእስፓኝ ድንበር አጠገብ በእንዳይ፣ በውቅያኖስ ዳር፣ ከ1864 ጀምሮ ያሠራው ቤተ መንግሥት አባዲያ ይባላል። በግድግዳዎቹ ላይ የኢትዮጵያ ሕይወት ሥዕሎችና የአማርኛ ጽሑፎች ይታያሉ፤ በአንዱ ክንፉም የከዋክብት መመልከቻ አለ። ዳባዲ ይህን ቤት ከነገቢው ለሳይንስ አካዳሚው ሲያወርስ፣ በ50 ዓመት ውስጥ የ500,000 ከዋክብት ዝርዝር እንዲዘጋጅ ግዴታ አስገባ። በመጋቢት 1897 በፓሪስ ሞተ፤ በአባዲያ ቤተ ጸሎት ሥር ተቀበረ። መመልከቻው እስከ 1975 ድረስ ሠርቷል።

ለሙያችን የተወው ትምህርት

የኢትዮጵያ ካርታ በኋላ በሌላ መንገድ ተሠራ። አዲንዳን ከሚባለው ነጥብ የተነሣው የሦስት ማዕዘን መረብ፣ ከአየር የተነሣው ፎቶግራፍ፣ በመጨረሻም ሳተላይት የዳባዲን ቁጥሮች ተክተዋቸዋል። ቁጥሮቹ ቢተኩም የሥራው ሥርዐት አላረጀም።

ዳባዲ የነጭ ዓባይን ምንጭ በግቤ ሲፈልግ፣ ለዓባይ ወንዝ የሚገባው ውሃ በአቅራቢያው ነበር። ከዚያው አካባቢ የሚነሣው ዴዴሳ ወደ ዓባይ ይገባል፤ ወደ ምዕራብ የሚወርደው ባሮ ደግሞ በሶባት በኩል ከነጭ ዓባይ ጋር ይቀላቀላል። በግብፅ ምድር ከሚደርሰው የናይል ውሃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ምድር የሚሄድ ነው። ከእርሱ ሞት በኋላ የሥነ ምድር ሊቃውንት ሌላም ነገር ደረሱበት። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት፣ ዝናም በበዛበት ዘመን፣ የቱርካና ሐይቅ ሞልቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ እየፈሰሰ ከናይል ተፋሰስ ጋር ይገናኝ ነበር፤ ዛሬም በሐይቁ ውስጥ የናይል ዓሣዎች ይኖራሉ። ኦሞ አንድ ጊዜ ለነጭ ዓባይ ውሃ ሰጥቶ ነበር ማለት ነው። ይህ ግን የዳባዲን ድምዳሜ ትክክለኛ አያደርገውም፤ እርሱ የተናገረው በዘመኑ ስለሚፈሰው ወንዝ ነበርና።

ዳባዲ ስሕተቱን ከልኬቱ ጋር አልደባለቀም። ያየውን በአንድ ዓምድ፣ የገመተውን በሌላ ስፍራ ስለ ጻፈ፣ ግምቱ ሲወድቅ ልኬቱ ሳይነካ ቀረ። ዛሬ ከሜዳ ተመልሰን ያለቀለትን ካርታ ብቻ ለባለጉዳይ አስረክበን የመስክ ደብተሩን ስንጥል፣ ወይም ጥሬውን መረጃ ከመሣሪያው ስንሰርዝ፣ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ሰው የቱ ጋ እንዳየንና የቱ ጋ እንደ ገመትን የሚለይበትን መንገድ እንዘጋበታለን። ከእኛ መካከል ከስሕተት የሚያመልጥ የለም። ስሕተታችን ሥራችንን ሁሉ ይዞ እንዳይጠፋ የሚጠብቀው ግን በዝናምና በቆባር መካከል፣ በተራራ ጫፍ ላይ ተቀምጦ የተጻፈው ያ የመስክ ደብተር ነው።